የአስከሬን ምርመራ ሰነድ ከችሎት በኋላ፦ የሰው ግድያን መልክ ስለማንበብ

አንድ ሰው በሌላ ሰው እጅ ሕይወቱ እንዳለፈ ሲጠረጠር ፖሊስ አስከሬኑን ከጥያቄ ደብዳቤ ጋር ወደ ፎረንሲክ ሐኪም ይልካል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ልብሱንና ቆዳውን፣ ቀጥሎም የራስ ቅልን፣ አንገትን፣ ደረትንና ሆድን ከፍቶ ይመረምራል፤ ያየውንም በጥቂት ገጾች ይጽፋል። ሰነዱ ከምርመራ መዝገቡ ጋር ተያይዞ ለዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ለችሎት ይቀርባል። ፍርድ ሲሰጥ መዝገቡ ይዘጋል፤ የሐኪሙ ሰነድም አብሮ ይዘጋል። የተጻፈለት ዓላማ ስለተፈጸመ በዚህ አሠራር ውስጥ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም።

የሚጎድለው ግን ትልቅ ነው። በአንድ ከተማ በበርካታ ዓመታት የተጻፉ እንዲህ ያሉ ሰነዶች በአንድነት ሲነበቡ ማንም የዐይን ምስክር ሊናገር የማይችለውን ይናገራሉ። ሰው በምን መሣሪያ፣ በየትኛው የሰውነት ክፍሉ ላይ፣ በስንት ምት ተመትቶ፣ ከተመታስ በኋላ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚሞት ያሳያሉ። እያንዳንዱ ሰነድ ለአንድ ተከሳሽ የተጻፈ ማስረጃ ነው፤ በአንድነት ግን ሰነዶቹ የማኅበረሰቡ የሕይወት መዝገብ ናቸው። ኢትዮጵያ ይህን መዝገብ ለዓመታት ስትጽፍ ኖራለች፤ የማንበቡ ሥራ ግን ለጥቂት የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ብቻ የተተወ ነው። እነዚያም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ጾታን፣ ዕድሜንና መሣሪያን በሠንጠረዥ ቆጥረው፣ ዋናው ጥያቄ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያቆማሉ።

ገዳይን የመፈለግ ጥበብ በየአገሩ የተለያየ መንገድ ተከትሏል። ቻይናዊው የሕግ ሰው ሶንግ ሲ እ.ኤ.አ. በ1247 ባዘጋጀው የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ውስጥ በማጭድ ስለተገደለ አንድ ሰው የሚተርክ ታሪክ ይገኛል። መርማሪው የአካባቢው ነዋሪዎች ሁሉ ማጭዶቻቸውን አምጥተው መሬት ላይ እንዲያስቀምጡ አዘዘ፤ ዝንቦችም ታጥቦ እንኳ የደም ሽታ በቀረበት በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ተሰበሰቡ። በኢትዮጵያ ደግሞ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ አብሮ እንዲቆይ ይደረግ ነበር። አንደኛው መንገድ ዕቃንና አካልን ሲጠይቅ ሁለተኛው የሰውን አንደበት ይጠይቃል። ዛሬም ቢሆን በአገሪቱ ችሎቶች የግድያ ክስ በዋናነት የሚቆመው በሰው ምስክር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሐኪሙ ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሟች መሞቱንና በምን እንደሞተ ለማረጋገጥ ያህል ነው።

ሰነዱ ግን ከዚያ የበለጠ ክብደት አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሰውን መግደልን በየደረጃው ይከፍላል። በአንቀጽ 539 የሚወድቀው ከባድ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 540 ሥር ያለው ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በአንቀጽ 541 ሥር ያለው ቀላል ግድያ ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ያስከትላል። ከባዱን ከተራው ለመለየት ሕጉ ከሚመለከታቸው ነገሮች መካከል ገዳዩ የተጠቀመበት መሣሪያና የአገዳደሉ ሁኔታ ይገኙበታል። ቀላሉን ለመለየት ደግሞ መከላከል፣ ከመከላከል ማለፍ ወይም ድንገት የደረሰ ከባድ ቁጣ መኖሩ ይጠየቃል። በዕድሜ ልክና በ5 ዓመት መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ነው፤ ያንን ርቀት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሐኪሙ ስለ ቁስሉ የጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።

ቁስል ለሚያውቀው ሰው ብዙ ይናገራል። በዱላ የተመታ የራስ ቆዳ ከሥሩ አጥንት ስላለ ተሰንጥቆ ይከፈታል፤ ከላይ ሲታይም በስለት የተቆረጠ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ግን በቁስሉ ሁለት ከንፈሮች መካከል ሳይበጠሱ የቀሩ ቀጫጭን የሥጋ ክሮች ይታያሉ፤ ስለት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል ይቆርጣቸው ነበር። ይህን ልዩነት ያላየ መርማሪ ዱላ የያዘውን ሰው ጩቤ ይዟል ብሎ ሊከስስ ይችላል። በመዳፍ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ እንዲሁም በክንድ የውጭ ጎን ላይ የሚገኙ ቁስሎች ሟቹ ምቱን ለመመከት እጁን ማንሳቱን ወይም ስለቱን መያዙን ያመለክታሉ። እነዚህ አለመገኘታቸው ግን ሟቹ አልተከላከለም ማለት አይደለም፤ ተኝቶ፣ ሰክሮ ወይም ከኋላ በድንገት ተመትቶ ሊሆን ይችላል። የጩቤ ቁስል ጥልቀትም ከስለቱ ርዝመት ሊበልጥ ይችላል፤ ሆድ በምቱ ጉልበት ወደ ውስጥ ስለሚጎደጉድ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የተወጋ ሟች ሁልጊዜ የጭካኔ ማስረጃ ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብም መመርመር አለበት፤ በድንጋጤና በጠብ መካከል በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ብዙ መውጋት ይቻላልና።

በጥይት የተገደለ ሰው ሲሆን ደግሞ ከመግቢያው ቀዳዳ ዙሪያ የሚገኘው ጥላሸትና በቆዳ ላይ የተረጨው የባሩድ ነቁጥ ተኳሹ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ የአገር ልማድ ከምርመራው ጋር ይጋጫል። ሟች ታጥቦና ተገንዞ ወይም ከፈን ለብሶ ከቀረበ ጥላሸቱ ታጥቧል፤ ልብሱ ከተጣለም የርቀቱ ማስረጃ ግማሽ ያህሉ አብሮ ተጥሏል። ለሟች ክብር ሲባል የሚደረገው ሥርዓት የሟችን ምስክርነት ሊያጠፋ እንደሚችል ለቤተሰብም ሆነ ለወረዳ ፖሊስ አስቀድሞ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ አንድ አስከሬን ነው። ብዙ ሰነዶች በአንድነት ሲነበቡ ምን ዐይነት ጥቅም እንደሚገኝ የኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የከተማዪቱ ከንቲባ የነበሩት ሮድሪጎ ጌሬሮ በሙያቸው የኤፒዲሚዮሎጂ ሰው ናቸው። የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የፎረንሲክ ሕክምና ሰዎች በየሳምንቱ ተገናኝተው ስለ እያንዳንዱ ግድያ ያላቸውን መረጃ እንዲያስተያዩ አደረጉ። ከዚህም ግድያው በሳምንት መጨረሻ፣ በበዓላትና ደመወዝ በሚከፈልባቸው ቀናት አካባቢ እንደሚበዛ፣ የአልኮልና የጦር መሣሪያ ድርሻም ከፍተኛ እንደሆነ ታየ። በመሆኑም በእነዚያ ቀናት መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ግምገማ ክልከላው በሚሠራባቸው ጊዜያት ግድያ በካሊ በ14 በመቶ፣ ተመሳሳይ እርምጃ በወሰደችው በቦጎታ ደግሞ በ13 በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን አሳየ። እርምጃው ገዳዮችን ከማደን ይልቅ ግድያው የሚከሰትበትን ሰዓት ያነጣጠረ ነበር። ሰዓቱን ያገኙት ደግሞ እያንዳንዱን ሞት በየሳምንቱ በመቁጠር ነው።

ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1999 ከአስከሬን ክፍሎች በሚሰበሰብ መረጃ ላይ የተመሠረተ የጉዳት ሞት ክትትል ሥርዓት ዘርግታለች። በቀጣዩ ዓመት የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕጓን አወጣች። በአምስት ትልልቅ ከተሞች ከአስከሬን ክፍሎች የተሰበሰበውን የ2001–2005 መረጃ የተነተነና በ2014 የታተመ ጥናት በጥይት የሚፈጸም ግድያ መቀነሱን ካረጋገጠ በኋላ፣ በአምስቱ ከተሞች ከ4,500 በላይ ሰዎች ከሞት እንደተረፉ ገምቷል። ስለ ግምቱ ትክክለኛነት መከራከር ይቻላል፤ ሌሎች ምክንያቶችም በዚያው ጊዜ ሊሠሩ ይችሉ ነበር። ክርክሩ ሊካሄድ የቻለው ግን ከሕጉ በፊትና በኋላ በምን መሣሪያ ማን እንደሞተ በተከታታይ ተጽፎ ስለተገኘ ነው።

ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አውጥታለች። አዋጁ በሰው ሕይወት ላይ ያመጣው ለውጥ ካለ የት ይታያል? በፍቃድ መዝገብ ላይ አይታይም፤ በተያዙ መሣሪያዎች ቁጥርም አይታይም፤ እነዚያ የሚያሳዩት የመንግሥትን እንቅስቃሴ ነው። ሊታይ የሚችለው ከአዋጁ በፊትና በኋላ በጥይት፣ በስለትና በዱልዱም ነገር የሞቱ ሰዎች ድርሻ በዓመት በዓመቱ ሲነጻጸር ነው። ይህንንም የያዘው የፎረንሲክ ሐኪሙ ሰነድ ነው። አንድ መንግሥት ያወጣው ሕግ ሕይወት ማዳን አለማዳኑን የሚነግረው መዝገብ በእጁ እያለ ሳይከፍተው መቅረቱ የገንዘብ እጥረት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም።

ይሁን እንጂ መዝገቡን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት መዝገቡ የማይነግረውን ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለረዥም ዓመታት የአገሪቱ የፎረንሲክ አስከሬን ምርመራ ዋና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፤ ከዋና ከተማዋ ብቻ ሳይሆን ከክልሎችም አስከሬን ሲመጣለት ኖሯል። ይህ ለጥናት የተመቸ ይመስላል፤ አንድ ቤት፣ አንድ መዝገብ፣ ብዙ አስከሬን። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የመጣው አስከሬንና ከሩቅ ወረዳ የመጣው አስከሬን ወደዚያ ክፍል የገቡት በአንድ በር አይደለም። የከተማው የሚመጣው በመደበኛ አሠራር ነው። የሩቁ የሚመጣው ፖሊስ መኪና ሲያገኝ፣ ጉዳዩ አከራካሪ ሲሆን ወይም ቤተሰብ አጥብቆ ሲጠይቅ ነው። ስለዚህ ከክልል በመጡት አስከሬኖች ላይ ውስብስብና አከራካሪ አሟሟት በዝቶ ቢገኝ፣ ያ የክልሉ የግድያ መልክ ሳይሆን የመላኪያው ምክንያት መልክ ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ቀላቅሎ «በኢትዮጵያ የሰው ግድያ ገጽታ» የሚል ርእስ መስጠት በድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ላይ ከሚታዩት ድክመቶች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው መደምደሚያው ይሳሳታል።

ወደዚያ በር ጨርሶ የማይደርሱም አሉ። በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ ሟች በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ የብዙ ሰዓት መንገድ ተጉዞ ተመርምሮ የሚመለስ አስከሬን ለቤተሰብ ሁለተኛ ሐዘን ነው። በብዙ አካባቢ የደም ጉዳይ በሽማግሌ ይያዛል፤ በአማራው ደም የማድረቅ ዕርቅ፣ በኦሮሞው የጉማ ሥርዓት ሁለቱን ወገኖች ከደም መመላለስ ያወጣል። ይህ ሥርዓት ብዙ ሕይወት አድኗል፤ የሚናቅም አይደለም። ገዳዩ ታውቆ፣ ካሳው ተከፍሎ፣ ዕርቁ ከወረደ በኋላ ግን ሟቹ በምን ቁስል እንደሞተ የሚጠይቅ የለም። በጦርነትና በእርስ በርስ ግጭት የሚሞቱትም እንዲሁ ናቸው፤ ግድያው በበዛበት ስፍራና ጊዜ ምርመራው ይሳሳል። በመሆኑም በአንድ ዓመት ወደ ምርመራ ክፍል የገቡ አስከሬኖች ቁጥር መቀነሱ ሰላም መስፈኑን ላያሳይ ይችላል፤ መንገድ መዘጋቱን ሊያሳይ ይችላል። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞትን ማስመዝገብ ግዴታ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የተመዘገበው ሞትና የተመረመረው ሞት እስካልተነጻጸሩ ድረስ ግን ምን ያህሉ ከበሩ ውጭ እንደቀረ አይታወቅም።

እነዚህ ገደቦች ሰነዱን ዋጋ አያሳጡትም። አንዳንድ ጥያቄ ስለ አገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር ሳያስፈልገው ከሰነዱ ውስጥ መልስ ያገኛልና። ከእነዚህ ሁሉ ግልጹ የዱላ ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፍ ዘገባዎች ላይ የመሣሪያ ዐይነት ሲዘረዘር ጥይት ይቀድማል፣ ስለት ይከተላል፣ የቀረው «ሌላ» ተብሎ ይጠቃለላል። በኢትዮጵያ ገጠር ግን ዱላ «ሌላ» አይደለም። ከብት ሲጠብቅ፣ ገበያ ሲወርድ፣ ሙግት ሲሄድ የሰው እጅ የሚይዘው እሱን ነው። ለመግደል ታስቦ የተያዘ መሣሪያ ባለመሆኑም ጠብ በተነሣ ጊዜ በእጅ ይገኛል፤ የሚያርፈውም ራስ ላይ ነው። ድንጋይም እንዲሁ ነው። በሰነዱ ውስጥ ዱላና ጥይት እኩል «ግድያ» ተብለው ይጻፉ እንጂ ከጀርባቸው ያለው ሐሳብ፣ ዝግጅትና ሊደረግ የሚችለው መከላከያ የተለያየ ነው።

ከዱላ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ራሱን የተመታ ሰው ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም። የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ፣ በአጥንቱና በአንጎል ሽፋኑ መካከል ያለ የደም ሥር ተበጥሶ ደም ቀስ በቀስ ሲጠራቀም፣ ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ይነቃል፤ ይናገራል፣ በእግሩም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠበኞቹ ሳይቀሩ «ደኅና ነው» ይላሉ። ከሰዓታት በኋላ እንቅልፍ የመሰለው ነገር ሰመመን ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ከተማ ውስጥ ቢመታ ኖሮ ሊድን፣ መዝገቡም ስለ አካል ጉዳት የሚናገር ሊሆን ይችል ነበር። ሐኪም ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ቦታ ሲመታ ግን መዝገቡ የግድያ ይሆናል። አንቶኒ ሃሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት በዩናይትድ ስቴትስ ከ1960 ወዲህ የድንገተኛ ሕክምና ባይሻሻል ኖሮ የግድያው ቁጥር ከተመዘገበው እጅግ በበለጠ ነበር ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክሩ ሲገለበጥ ለኢትዮጵያ ይሠራል፤ በግድያ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ሞቶች ከፊሉ የአምቡላንስና የቀዶ ሕክምና አለመኖር የጨመራቸው ናቸው።

ይህ ገዳዩን ነጻ አያወጣም፤ ምቱን ያሳረፈው እሱ ነው። በፍርዱ ላይ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 24 በድርጊትና በውጤት መካከል ስላለው ግንኙነት የሚደነግገው ለዚህ ዐይነቱ ክርክር ነው። ለጤና አስተዳደሩ ደግሞ ከዚያ የከበደ ጥያቄ ያመጣል። በተመታበትና በሞተበት ሰዓት መካከል ያለው ጊዜ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ቢጻፍ፣ የትኛው ወረዳ ሰው የሚሞትበት በጠብ ብዛት እንደሆነና የትኛው ደግሞ በሕክምና ርቀት እንደሆነ መለየት ይቻል ነበር። ዛሬ ሁለቱም «በዱልዱም ነገር በደረሰ የራስ ጉዳት» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ሠንጠረዡ ከሚሸፍናቸው ሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የሴቶች ሞት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት በ2021 በዓለም 458,000 ያህል ሰዎች ሆን ተብለው እንደተገደሉ፣ ከእነዚህም 81 በመቶው ወንዶች መሆናቸውን ገምቷል። ከተገደሉት ሴቶች ግን 56 በመቶ ያህሉ የሞቱት በፍቅር ጓደኛቸው፣ በባላቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል እጅ ነው፤ ለወንዶቹ ይህ ድርሻ 11 በመቶ ነው። ፊንላንዳዊው ቬሊ ቬርኮ በ1951 እንዳመለከተው፣ ግድያ በበዛበት አገር የሴት ሟቾች ድርሻ ትንሽ ይሆናል፤ ሴቶች ስለማይገደሉ ሳይሆን የወንዶች ጠብ ቁጥሩን ስለሚያጥለቀልቀው። «ከሟቾቹ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው» የሚለው በየጥናቱ የሚደጋገም ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ካልተቀጠለ ግን ሁለተኛውን ዐይነት ግድያ ይደብቃል። የወንዱ ሞት በመንገድ፣ በመጠጥ ቤት፣ በእርሻ ድንበር ላይ በሚያውቁት ሰዎች ፊት የሚፈጸም ነው። የሴቲቱ በቤት ውስጥ፣ ያለ ምስክር።

ያለ ምስክር የሚፈጸም ግድያ የሚገለጠው በሐኪሙ ትጋት ልክ ነው። በእጅ የታነቀች ሴት በውጭ ቆዳዋ ላይ እጅግ ጥቂት ምልክት፣ አንዳንዴም ምንም ላይኖራት ይችላል። ምልክቱ ያለው በዐይን ሽፋሽፍት ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ነጠብጣብ በሚታዩ ጥቃቅን የደም ምልክቶች፣ በአንገት ጡንቻዎች ውስጥ ባለ የደም መቋጠርና አልፎ አልፎም ከምላስ ሥር በሚገኘው ትንሽ አጥንት ስብራት ላይ ነው። አንገት በጥንቃቄ ሽፋን በሽፋን ካልተከፈተ ይህ አይታይም። ከታነቀች በኋላ ተሰቅላ ራሷን እንዳጠፋች የተነገረላት ሴት፣ «በድንገተኛ ሕመም» አርፋ በዕለቱ የተቀበረች ሴት፣ «ምድጃ ላይ ወድቃ» የተቃጠለች ሴት ወደ ግድያ መዝገብ ላይገቡ ይችላሉ። ስለዚህ በማንኛውም አገር የሴቶች ግድያ ቁጥር የሚያሳየው የገዳዮችን ብዛት ብቻ ሳይሆን የአንገት ምርመራውን ጥራት ጭምር ነው።

ምርመራው ፍጹም ቢሆንም እንኳ አንድ ነገር ከቁስል አይነበብም፤ እሱም ገዳዩ ለሟች ምኗ ነበር የሚለው ነው። ማርቪን ዎልፍጋንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ በፊላደልፊያ ከ1948 እስከ 1952 የተገደሉ 588 ሰዎችን ጉዳይ ሲያጠና የተጠቀመው በፖሊስ መዝገብ ነበር። ከሟቾቹ 26 በመቶ ያህሉ በጠቡ መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት ራሳቸው እንደነበሩ፣ ከጉዳዮቹም 64 በመቶ ያህሉ ላይ ሟች ወይም ገዳይ ወይም ሁለቱም አልኮል ጠጥተው እንደነበር ያገኘው ከዚያ ነው። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ደግሞ ሁለቱን መንገዶች አገናኙ። በ1999 ከተገደሉ ሴቶች መካከል ናሙና ከ25 የአስከሬን ክፍሎች ወሰዱ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሞት ይዘው ወደ መርማሪው ፖሊስ በመሄድ ገዳዩ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ውጤቱ በየስድስት ሰዓቱ አንዲት ሴት በባሏ ወይም በፍቅር ጓደኛዋ እንደምትገደል አሳየ፤ ከ14 ዓመት ጀምሮ ካሉ 100,000 ሴቶች 8.8 ያህሉ ማለት ነው። ጥናቱ ለ2009 ሲደገም ቁጥሩ ወደ 5.6 ወርዶ ተገኘ። የሐኪሙ ሰነድ ብቻውን፣ የፖሊሱ መዝገብም ብቻውን ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የሟችና የቤተሰብ ምስጢር ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታና የአሟሟት ዐይነት ብቻ ተጠቅሰው እንኳ ሟችን መለየት ይቻላል፤ የደም ጉዳይ ባልበረደበት አካባቢም እንዲህ ያለ መታወቅ ሌላ ሞት ሊያመጣ ይችላል። መልሱ ግን መዝገቡን መዝጋት ሳይሆን ስምና ቀበሌን ከቁስል ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጥቂት ሟቾች ያሉበትን ሠንጠረዥም አለማተም ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያ እጥረት ነው። የፎረንሲክ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ለምርምር የሚሆን ተጨማሪ ጽሑፍ መጠየቅ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። የሚጠየቀው ግን አዲስ ምርመራ አይደለም። ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓትና ቦታ፣ ሟች የሞተበት ሰዓት፣ በመካከሉ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱ፣ የአልኮል ምልክት መኖሩ፣ ተጠርጣሪው ለሟች ያለው ዝምድና፣ አስከሬኑ የተላከበት ምክንያት፣ እነዚህ በቅጹ ላይ ስድስት መስመር ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚሠሩ ጥናቶችን እርስ በርስ በማይነጻጸሩ የተለያዩ ቅጾች ከማሠራት ይልቅ በአንድ ቅጽ ላይ ቢያስማሙ፣ የአንዱ ዓመት ተመራቂ የሌላውን ዓመት ሥራ ሊቀጥልበት ይችላል።

ከስድስቱ መስመሮች አብዛኞቹን መሙላት የሚችለው ሐኪሙ አይደለም። አስከሬኑን ይዞ የመጣው ፖሊስ ነው፤ ጠቡ የት እንደተነሣ፣ ሟች እንዴት እንደተጓዘ፣ የተያዘው ሰው ባሏ ይሁን ጎረቤቷ የሚያውቀው እሱ ነው። ደብዳቤውን አስረክቦ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምርመራው ሲያልቅ አስከሬኑን ተረክቦ ይመለሳል። ሊጠየቅ የሚችለው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ነገር ከወረዳው የምርመራ መዝገብ ጋር ይቀራል፣ ቁስሉም ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር።